የቀፊራ ጣሳና የእኔ እድገት

የእህቴ ልጅ ሜሮን በቅርቡ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። እሰይ ብለን ሳንጨርስ እኔ ዘንድ መጥታ ሶፋው ላይ ዘፍ አለችና «አክስቴ፣ በመንግሥት ሥራ ሰው እንዴት ነው የሚያድገው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ወደድኩላት። ስለ ደመወዙ አይደለም የጠየቀችኝ፤ ደመወዙንማ ታውቀዋለች፣ አልቅሳበታለች። መንገዱን ነው የጠየቀችኝ። ትምህርት ነው? የአገልግሎት ዘመን ነው? ዘመድ ነው? ወይስ አለቃ ሲወድሽ ነው?

እኔም ይህንኑ ሳብሰለስል ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ድሬዳዋ ላይ የሚዛንና የመለኪያ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። አሁን እንዲህ ያለ ሥራ ነበረኝ ስል ልጆቹ ይስቃሉ። ዛሬ የትም ሱቅ ብትገቡ ሚዛኑ ራሱ ቁጥሩን ቦግ አድርጎ ያበራል፤ ማን ይከራከረዋል? በእኛ ጊዜ ግን ሚዛን አፍጥጠው ካላዩት የሚዋሽ ነገር ነበር። የቀፊራ ገበያ ሰዎች ዘነበች የሚለውን ስሜን ትተው «ዘኒ ሚዛን» ይሉኝ ነበር። «ዘኒ ሚዛን መጣች!» ከተባለ ከሽንኩርት ተራ እስከ ማሽላ ተራ ያለው እጅ ሁሉ ሥርዓት ይይዛል። እኔ ደግሞ ይህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልደብቅ።

ለሜሮን አንድ ጊዜ ለማደግ በጣም የተቃረብኩበትን ወሬ ነገርኳት። እሱን እዚህም ልጻፈው።

የተቀጠርኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ ከሶማሌ ጦርነት በኋላ፣ ከተማው ትንፋሹን ሰብስቦ ወደ ንግዱ ሲመለስ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሳቢያን ሰፈር እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ቀበሌው በር ላይ «የመስክ ሠራተኛ» የሚል ማስታወቂያ አየሁና አመለከትኩ። መስክ ሲሉ መኪና ተሳፍሬ ገጠር ለገጠር የምዞር መስሎኝ ነበር፤ ለካ በእግር ቀፊራ ነው! ደመወዙ ለእናቴ ዘይት፣ ለእኔ ጫማ ይበቃ ነበር። ከዚያ በላይ ብጠይቀው አይመልስልኝም።

የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ኡመር ይባላል። ድሬ ነንና አንተ ነበር የምንለው፤ እሱም አንቱ ያለው ሰው ሲመጣ «ማንን ነው?» ብሎ ወደ ኋላው ያያል። በወጣትነቱ ባቡር ጣቢያ ጭነት ሲመዝን የኖረ፣ ጠይም፣ ቀጭን፣ ነገሩ ሁሉ ቀስ ያለ ሰው ነው። የነሐስ መመዘኛዎቹን በባዶ እጁ ነክቷቸው አያውቅም። «የድሬ እጅ ላብ ነው፣ ላብ ደግሞ ይመዝናል» ይላል። በለስላሳ ጨርቅ ያነሳቸዋል፣ በዚያው ጨርቅ ጠቅልሎ ይመልሳቸዋል።

ሚዛን ሲመረምር መጀመሪያ ምንም አይነካም። ቁጢጥ ብሎ ከሥር ያያል። ከሳህኑ ግርጌ የተለጠፈ ሰም አለ? ከዘንጉ ጫፍ የተጠመጠመ ሽቦ አለ? ከዚያ በግራው ሳህን ያለውን ወደ ቀኝ፣ በቀኙ ያለውን ወደ ግራ ያዛውራል። ክንዶቹ እኩል ካልሆኑ ሚዛኑ እዚያው ይጋለጣል። ነጋዴው ሆዱን ቦርቡሮ በሰም የሞላው መመዘኛ ካለ ደግሞ በጥፍሩ ኳ አድርጎ በድምፁ ይለየዋል። ይህን ሁሉ ከእሱ ተማርኩ። በኋላ በኋላ እኔም ከሩቅ ሳየው ያልተስተካከለ ሚዛን ዓይኔን ይቆረቁረኝ ነበር።

አንድ አመሉ ግን አይገባኝም ነበር። ውስጥ ገብቶ የሻጮችን ጣሳ ከመመርመር ይልቅ ገበያው መውጫ ላይ ሚዛኑን ሰቅሎ ይቆማል። ገዝተው የሚወጡ ሴቶችን «እስቲ ዘንቢልሽን ላስቸግርሽ» ይላል። ምስሩን ወይ ማሽላውን ይመዝንላቸዋል፣ «በስንት ጣሳ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ያሰናብታል። በቃ።

«ጋሽ ኡመር፣ ሌባው እዚያ ውስጥ ነው፤ እኛ በር ላይ ምን እንሠራለን?» አልኩት አንድ ቀን።

«አቦ ዘኒ፣ ቀስ በይ። እዚያ ሻጩ የሚያሳይሽን ታያለሽ። ቤት የሚገባውን እዚህ ነው የምታይው።»

እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። እኔ ውስጥ እገባለሁ፣ ከየሻጩ አንድ አንድ ጣሳ እገዛለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ሁልጊዜ ይጎድላል። ጣሳው የዱቄት ወተት ወይም የዘይት ቆርቆሮ ነው፤ ቂጡን በመዶሻ ወደ ውስጥ ደቁሰውታል። የመንግሥት ሠራተኛ ዓይን እያየ! ደሜ ይፈላ ነበር።

ጋሽ ኡመር ጡረታ ሊወጣ ሲል ከአዲስ አበባ የመጣው አለቃችን ጓድ ታደሰ ቢሮው ጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወጣት ነው፣ ሥራ ይወዳል፣ የድሬ ሙቀት ግን አላስቀምጠው ብሎ ሲያወራ በዶሴ ራሱን ያራግባል።

«የክፍል ኃላፊነቱን ለአንቺ ነው የማስበው፣ ዘነበች» አለኝ። «ግን የእድገት ኮሚቴው ፊት የማሳየው ሥራ ያስፈልገኛል። ቀፊራን አስተካክይልኝ። ያ ካልሆነ ከሌላ ከተማ ሰው ያመጣሉ። ሴት ልጅ ገበያ ለገበያ ምን ያዞራታል የሚሉም አሉ፤ መዝገብ ቤት ያስገቡሻል ብዬ እፈራለሁ።»

መዝገብ ቤቱን አውቀዋለሁ። መስኮት የሌለው፣ አቧራና ድመት ያለበት ክፍል ነው። ኃላፊነቱን ደግሞ ፈለግሁት። ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ፈለግሁት! ከጋሽ ኡመር ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሚዛኑም ገበያውም በእጄ ሆኖ ታየኝ። «እሺ፣ ጓድ» ብዬ ወጣሁ።

ዘመቻው ተጀመረ። ማኅተም ያለበት፣ ቂጡ ለጥ ያለ የአሉሚኒየም መለኪያ ተሠርቶ መጣ። ሕጉ፣ መለኪያው ይሞላል፣ አፉ በእንጨት ይጠረጋል፣ ይሸጣል የሚል ነው። ጓድ ታደሰ ራሱ ቀፊራ መጥቶ በድምፅ ማጉያ «የተደቆሰ ጣሳ የብዝበዛ ቅሪት ነው!» አለ።

«ምን አለ?» አለች አንዷ ከኋላ።

«ጣሳሽን አምጪ ነው የሚለው» አለቻት ጓደኛዋ።

አመጡ። አንዷም አላንገራገረችም። ምስርና ማሽላ የምትሸጠው ፋጡማ እንኳ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ኦሮምኛም ሶማልኛም አማርኛም የምትናገረዋ፣ የገበያው ሁሉ አፍ የሆነችው፣ ያን ጉድጓዳ ጣሳዋን በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። «እንቺ ዘኒ፣ መንግሥትሽ ይሙላበት» አለች። የሰበሰብነውን ጣሳ ዕቃ ግምጃ ቤት ቆለልነው። ጓድ ታደሰ ወደ በላይ ድል በድል የሆነ ሪፖርት ላከ። እኔም ጫማዬን ወልውዬ መሄድ ጀመርኩ።

ከዚያ ገበያው ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። የሚጨቃጨቁት ሻጮቹ ቢሆኑ ይገባኝ ነበር። የሚጮሁት ግን ገዢዎቹ ናቸው! «ምርቃቱስ?» ይላሉ። ምርቃት ማለት ጣሳው ከተሞላ በኋላ ሻጯ ዘግና ከላይ የምትጨምረው ነው። ያለ ምርቃት መሸጥ በእኛ አገር ነውር ነው። አሁን ግን ፋጡማ መለኪያውን ትሞላለች፣ በእንጨቷ ሙልጭ አድርጋ ትጠርጋለች፣ «መንግሥት ልክ አለ፣ ልክሽ ይኸው» ትላለች።

ጎረቤታችን አስካለ፣ ልብስ እያጠበች ቤት ሙሉ ልጅ የምታሳድገዋ፣ በራችን ላይ ያዘችኝ። «ዘኒ፣ ምን አደረግንሽ? ምስሬ እኮ አነሰ!»

«አስካልዬ፣ አሁን ነው የበዛልሽ። ቂጡ ሙሉ ነው።»

«ድስቴ አያውቅም ነው የምትይኝ?»

ሴትዮዋ ትዋሻለች እንዳልል ድስቷን እኔም አውቀዋለሁ። ነገሩ ከነከነኝ። ሲከነክነኝ ደግሞ እንጀራም አልበላ። ዕቃ ግምጃ ቤት ገባሁ፣ የፋጡማን ጣሳ ፈልጌ አወጣሁና መለስኩላት። «ዛሬ ብቻ በድሮው ሽጪ፣ እንደ ድሮሽ» አልኳት። ዓይኗን አጥብባ አየችኝና ተቀበለችኝ። እኔ ሚዛኔን ይዤ ጋሽ ኡመር የሚቆምበት መውጫ ላይ ቆምኩ።

አስካለ አንድ ጣሳ ምስር ገዝታ መጣች። መዘንኩላት። ከማኅተሙ መለኪያ በለጠ! ሳህኖቹን አገላብጬ ደገምኩት፣ ያው ነው። ቀጥሎ የሆቴል ምግብ አብሳይ መጣ፤ ከዚያው ጣሳ የገዛው ግን በጣም ቀሎ ተገኘ። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴትዮ መጣች፤ የእሷ ከአስካለም በለጠ። በመጨረሻ ራሴ ሄጄ ገዛሁና መዘንኩ። እኔና ምግብ አብሳዩ እኩል ወጣን።

ወይ ጉድ! አንድ ጣሳ፣ አንድ ሻጭ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይህ ሁሉ ክብደት! እኔ ዓመታት ሙሉ ስመዝን የኖርኩት ለካ የራሴን ዘንቢል ብቻ ኖሯል። ሚዛኑን እንደተሰቀለ ትቼ ወደ ፋጡማ ሮጥኩ።

«ፋጡማ፣ ይህን ጣሳ ለምን ደቆስሽው? መልሰሽ ለምትሰጪው ለምን ትወስጃለሽ?»

ሳቀች። «አቦ፣ ሚዛን ታውቂያለሽ፣ ገበያ አታውቂም። ሙሉ ጣሳ ብሸጥ የሰጠው ማነው? ጣሳው ነው። እኔ ምን ሰጠሁ? ደቁሼ ይዤ በእጄ ስሰጥ ግን ፋጡማ ሰጠች ይባላል። አስካለ ልጆች አሏት፣ እጨምርላታለሁ። ያ የሆቴሉ ሰውዬ የራሱን ገንዘብ አይደለም የሚያወጣው፣ ለእሱ ምን አስጨነቀኝ?»

«እኔስ? ለእኔ ለምን ጎደለ?»

«አንቺ ተቆጣጣሪ ነሽ። ብጨምርልሽ ጉቦ ትይኛለሽ። ወላሂ ለአንቺ መሸጥ ነው የሚከብደኝ።»

ጋሽ ኡመር ዘንድ ሄድኩ። መመዘኛዎቹን በጨርቁ እየጠቀለለ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። አልደነቀውም። «ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ?» አለ። «ጣሳው ይሰርቃል፣ እጇ ይመልሳል። ከሁለቱ የቱን ልክሰስ? እኔ መላ አላገኘሁለትም፣ ዘኒ። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ምናልባት ታገኚለታለሽ።»

ይህች «ታገኚለታለሽ» ያላት ነገር ናት ያጠፋችኝ። ወደ ጓድ ታደሰ ቢሮ ስሄድ መንገድ ላይ መላ አገኘሁ! አንዱ የአስካለን፣ አንዱ የእኔን ልክ የያዘ ሁለት ከረጢት ምስር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነገሩን አስረዳሁት። መቆጣት ሲገባው ማራገቡን ትቶ ጆሮውን ሰጠኝ፤ «እንዴ?» እያለ ሁለቱንም ከረጢት በእጁ አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሳ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ።

«በማኅተሙ መለኪያ ይሽጡ፣ ምርቃቱ ደግሞ ደንብ ይሁን። በያንዳንዱ ጣሳ አንድ እፍኝ።»

ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «ይኸው! ኃላፊ ማለት ይህ ነው! ቦታውን እንደያዝሽው ቁጠሪው።»

ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ለሳቢያን በሙሉ ነገረች። አስካለ ሳትቀር መጥታ እልል አለችልኝ።

ደንቡ በገበያው በር ተለጠፈ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጓድ ታደሰ ከኮሚቴው አንድ ሰው ይዞ ሊያሳየው መጣ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ከፊት ከፊት እመራለሁ። ፋጡማ ጋ ስንደርስ ከጎኗ አንዲት የማላውቃት አሮጊት ተቀምጣለች። አጎንብሳ አጎንብሳ የድንች ማዳበሪያ የምታክል፣ እጇ ደግሞ ደርቆ የዶሮ እግር ያከለ።

«አክስቴ ናት፣ አዴ ሃዋ» አለች ፋጡማ። «ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኛዬ ናት።»

ከዚያ ወደ ጓድ ታደሰ ዞረች። «አንተ ጓድ፣ ና ምስር ግዛ!» አለቃችንን «አንተ» ስትለው የኮሚቴው ሰው ዓይኑ ፈጠጠ። ፋጡማ መለኪያውን ሞላች፣ በእንጨቷ ጠረገች፣ «አዴ ሃዋ፣ እፍኝ!» አለች። አሮጊቷ ያቺን እጇን ምስሩ ውስጥ ከተተች። ስታወጣት እየተንቀጠቀጠች ነውና ያችው የያዘቻት ምስር መንገድ ላይ ረገፈች። ለጓዱ ከረጢት የደረሰውን በጥፍር መልቀም ይቻል ነበር።

«ይህ እፍኝ ነው?» አለ የኮሚቴው ሰው።

«እፍኝ ተባለ እንጂ የማን እፍኝ አልተባለም» አለች ፋጡማ።

ቀና ብዬ ተራውን በሙሉ አየሁት። በየሻጩ አጠገብ አንዲት አንዲት የመነመነች አሮጊት! ከየት እንዳመጧቸው አላህ ይወቅ፣ ከተማው ውስጥ ትንሽ እጅ ያላት ሴት የቀረች አይመስለኝም። ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ጓድ ታደሰ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። የኮሚቴው ሰው ግን አልሳቀም። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ፋጡማን ለመጥላት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። እሷ የምትሰጠውን ነገር እኔ በግድ ላስወጣ መነሳቴ እዚያው ቆሜ ገባኝ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የክፍል ኃላፊው ስም ወጣ። ከናዝሬት የሚዛወር ሰው ነው። ጓድ ታደሰ ጠርቶኝ በዶሴው እያራገበ ወለሉን እያየ ተናገረ። «የእፍኙ ሐሳብ የእኔ ነው ብያቸዋለሁ። መዝገብ ቤት አትገቢም፣ ገበያሽ ላይ ትቆያለሽ። ከዚያ በላይ ግን አቅም አጣሁ።» እሱም ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ አዛወሩት። እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ስለ እኔ ያን ነገር ለምን በራሱ ላይ እንደወሰደ ጠይቄው አላውቅም።

ጋሽ ኡመር በመጨረሻ የሥራ ቀኑ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ «ይህ ቆርቆሮ ቦታ ያዘ፣ ባለቤቶቹ ይምጡና ያንሱ» ብሎ ወጣ። በማግሥቱ ክፍሉ ባዶ ነበር። የማኅተሙን መለኪያ አንዳንዷ የመጠጥ ውሃ ታስቀምጥበት ጀመር።

የአዲሱ ኃላፊ ስም ሰሌዳ ላይ የወጣ ቀን ደቻቱ ድልድይ ላይ ቆሜ ማንም እንዳያየኝ ወደ ደረቁ የወንዝ አሸዋ ዞሬ አለቀስኩ። እናቴ ለሳቢያን በሙሉ የነገረችውን ማን ይመልስልኛል? ዓይኔን ጠርጌ ሚዛኔን እንደያዝኩ ቀፊራ ገባሁ፤ ቤት ምስር አልቆ ነበር። ፋጡማ ያን ጉድጓዳ ጣሳዋን ይዛ ተቀምጣለች። እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ዘንቢሌን ዘረጋሁ። ሞላች፣ ገለበጠችልኝ። ዘንቢሌን ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ሹመቱን ለሌላ ሰው ሰጡት አሉ?»

«አዎ» አልኳት።

አዴ ሃዋን አልጠራችም። በዚያ በሰፊ እጇ ከምስሩ ክምር ዘገነችና ዘንቢሌ ውስጥ ጨመረች። ደግማ ዘገነች።

«ፋጡማ፣ ተይ። ጉቦ ነው፣ አልቀበልም።»

«ጉቦ ለሹም ነው» አለች። «አንቺን ማን ሾመሽ?» ሦስተኛም ጨመረችና «ሂጂ አሁን፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» አለችኝ።

ወሬውን እዚህ ሳደርስላት ሜሮን ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር። «ስንት ሆነ?» አለችኝ። «ምርቃቱ፣ ስንት መዘነ?»

ያን ቀን በገበያው መውጫ ላይ ሳልፍ ሚዛኑ በእጄ፣ መመዘኛዎቹም በጨርቃቸው ተጠቅልለው ትከሻዬ ላይ ነበሩ። አልመዘንኩትም።